ኅብረት ስምምነት፦ ከአድማ በፊት ያለው ውል

የሠራተኛ ማኅበር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን አድማ ነው፤ የማኅበር ዋና ሥራ ግን ድርድር፣ የድርድሩም ፍሬ ኅብረት ስምምነት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ስለ ደመወዝ ጭማሪ፣ ስለ ዕድገትና ስለ ቅሬታ አቀራረብ የሚፈርመው ስምምነት ሁለቱንም ወገን ያስገድዳል። አዋጁ የደመወዝ ወለሉን ራሱ አልቆረጠም፤ ወደፊት ለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ ተወው እንጂ። ስዊድንም በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም፤ ሆኖም ከአሥር ሠራተኞቿ ዘጠኙ ያህል በኅብረት ስምምነት ይሸፈናሉ። የሀብቱን ልዩነት ለጊዜው እንተወውና፣ ሕግ ዝም ባለበት ቦታ ደመወዝን የሚወስነው የመደራደር አቅም ነው።

ይህ አቅም ሲጎድል ምን እንደሚሆን በ2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥሩ ማሳያ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ባወጡት ሪፖርት፣ የፓርኩ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሠራተኛውም ከመልመዱ ጥሎ ይሄድ ነበር። ባለሀብቱ በርካሽ ጉልበት አተረፍኩ ሲል በሥልጠናና በምርት መስተጓጎል ከሰረ። በአፏ መጠየቅ ያልቻለች ልብስ ሰፊ በእግሯ ትመልሳለች፤ ለፋብሪካውም የትኛው ቅሬታ እንዳስወጣት እንኳ አትነግረውም። የሚደራደር ማኅበር ቢኖር ያ ቅሬታ መልቀቂያ ከመሆኑ በፊት ጠረጴዛ ላይ ይቀርብ ነበር።

ደመወዝ ሲጨምር ሥራ ይቀንሳል የሚሉ ወገኖች መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ ልብስ ገዢው ነገ ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ሊያዞር ይችላል። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሰምረው ደመወዙን ገበያው ቆርጦ ሲሰጥ ነው። ጥቂት አሠሪዎች ብቻ በሚቀጥሩበት ከተማ ደመወዝ ቆራጮቹ እነሱ ናቸው፤ እዚያ መጠነኛ ጭማሪ ሠራተኛን አስቀርቶ ባዶውን የስፌት መኪና ሊሞላ ይችላል። ጭማሪው ከምርታማነት ርቆ ከሄደ ግን ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው። ሥራ የሚጠፋበት ምክንያትም ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ በ2014 ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ተጠቃሚነት ስትወጣ ትእዛዝ የቀነሰው በፖለቲካ ውሳኔ ነው። እንዲህ ያለውን ማዕበል ማኅበር አያቆመውም። ሆኖም ሕጉ አሠሪው ሠራተኛ ሲቀንስ ማኅበሩን እንዲያማክር ያዛልና፣ ማን ይቀራል፣ ማን ይሰናበታል የሚለው በአለቃ ፈቃድ ብቻ አይወሰንም።