ሺህ ሸሚዝ ስንት ቁልፍ ይፈልጋል?
ለአንድ ሸሚዝ 10 ቁልፍ ከገባ፣ ለ1,000 ሸሚዝ 10,000 ቁልፍ ይበቃል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በስፌት መስመር ላይ ግን ቁልፍ ከመርፌ ሥር ይሰነጠቃል፣ ወለል ላይ ተበትኖ ይረገጣል፣ ቀለሙ ሳይመሳሰል ቀርቶ ይጣላል። ይህ ብልሽት በዕቅድ ካልተያዘ ጉድለቱ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ፣ ሸሚዙ ተሰፍቶ የቁልፍ ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ነው።

በ2008 ዓ.ም. እንደተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ ቦታዎች ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ልብስ ቁልፉም መለያውም ገዢው በመረጠው ዓይነት መሆን አለበት፤ ብዙውን ጊዜም ከውጭ ይገባል። የጎደለውን መርካቶ ወርዶ መሙላት አይቻልም።

ስሌቱ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ብልሽቱ 10 በመቶ ከሆነ በ10,000 ላይ 10 በመቶ ተጨምሮ 11,000 ይታዘዛል። ከ11,000 ውስጥ 10 በመቶው ሲበላሽ ግን ደህናው 9,900 ነው፤ 10 ሸሚዝ ያለ ቁልፍ ቀረ ማለት ነው። ብልሽት የሚሰላው ከሚገባው ዕቃ እንጂ ከሚወጣው ስላልሆነ፣ ትክክለኛው መንገድ 10,000ን ለ0.9 ማካፈል ነው፦ 11,112። ብልሽቱ 2 በመቶ ሲሆን በሁለቱ ስሌቶች መካከል ያለው ልዩነት 5 ቁልፍ ብቻ ነው፤ ስህተቱ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚኖረውም ለዚህ ነው።

ቁልፍ ብቻውን መሰበሩና ሸሚዙ በሙሉ መበላሸቱ ደግሞ ለየብቻ ይታያሉ። በካውያ ሲተኮስ የተቃጠለ ሸሚዝ ጨርቁን፣ ክሩንና 10ሩንም ቁልፍ ይዞ ይሄዳል። (ነቅሎ መመለስ ይቻላል፤ የነቃዩ ሰዓት ግን ከቁልፉ ዋጋ ይበልጣል።) ከሸሚዙ 3 በመቶው የሚበላሽ ከሆነ 1,031 መጀመር ያስፈልጋል። የቁልፉ ብልሽት 2 በመቶ ከሆነ፣ ለእነዚህ የሚገባው 10,310 ቁልፍ ለ0.98 ሲካፈል 10,521 ይሆናል። የተቃጠለው ሸሚዝ ቁልፍ በቁልፉ 2 በመቶ ውስጥ ዳግመኛ ከተቆጠረ ግን መጋዘኑ በማያስፈልግ ዕቃ ይሞላል፤ በተለይ የአንድ ገዢ ስም የተጻፈበት መለያ ቢተርፍ ለሌላ ትእዛዝ አይሆንም።

በመቶኛ የማይገለጽ ኪሳራም አለ። ማሽኑ ሲስተካከል 20 ቁልፍ ቢጠፋ፣ ለ50 ሸሚዝ ትእዛዝ ይህ 4 በመቶ ነው፤ ለ5,000 ሸሚዝ 0.04 በመቶ ብቻ። እንዲህ ያለው በቁጥር እንጂ በመቶኛ ሊያዝ አይገባም። ለዕቃው ሁሉ አንድ ዓይነት 5 በመቶ መጨመርም ዕቅድ ሳይሆን ግምት ነው፤ ዚፕና ክር በአንድ ልክ አይበላሹም።

ትክክለኛው መጠን የሚገኘው ከመዝገብ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች አንድ ሸሚዝ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ 10 ቁልፍ እንዲቀንስ ያደርጋሉ። የተሰበረው ካልተመዘገበ መዝገቡ 200 ቁልፍ አለ እያለ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ስባሪው በየፈረቃው ማብቂያ ተቆጥሮ ይጻፋል፤ የሚቀጥለው ትእዛዝ የብልሽት መጠንም ከዚያው ይነሳል።