የስኳር አበባ፦ ቀለሙ፣ አያያዙና የእርጥበት ጠንቁ

የጥርና የድኅረ ፋሲካ ሰርግ ሲቃረብ በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ የሚታዘዝ ኬክ ያለ አበባ እምብዛም አይወጣም። ትኩስ ጽጌረዳ ማግኘት አይከብድም፤ በሆለታ ዙሪያ የአበባ እርሻዎች አሉ። ይሁንና ይህ ጽጌረዳ የሚለማው ለጌጥ እንጂ ለመብል አይደለም፤ የሚረጭበት ፀረ ተባይም የምግብ ሰብልን ሕግ አይከተልም። ከስኳር የሚሠራው አበባ የሚመረጠው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

የሚሠራበት ሊጥ ገምፔስት ይባላል። የደቀቀ ስኳር፣ የእንቁላል ነጭ፣ ጥቂት የረጋ የአትክልት ቅቤና ሙጫ ይገቡበታል። ከፎንዳንት የሚለየው ሙጫው ነው፤ ሊጡ እንደ ወረቀት ሳስቶ እንዲዳመጥ፣ ሲደርቅም እንዲጠነክር ያደርገዋል። ዛሬ በብዛት የሚያገለግለው ከተክል ሴሉሎስ የሚዘጋጀው ሲኤምሲ ነው። ለጾም ኬክ የእንቁላሉን ነጭ በውኃ ተክቶ ሲኤምሲውን ጨመር ማድረግ ይቻላል፤ ጄላቲን ግን ከእንስሳት ስለሚገኝ ይቀራል። ስኳሩ እንደ ዱቄት ልሞ በጥሩ ወንፊት መነፋት አለበት፤ ከፊንጫ የሚመጣውን ስኳር በቤት ወፍጮ አድቅቆ ብቻ መጠቀም ቀጭኑን የአበባ ቅጠል የሚቀድድ ደቃቅ ፍሬ ይተዋል።

ብዙ ሊጥ የሚበላሸው በቀለም ላይ ነው። ቀጭን ፈሳሽ ቀለም ስኳሩን ያሟሟዋል፤ ሊጡም እጅ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ወፍራሙ ጄል ቀለም ይመረጣል። በስቴኪኒ ጫፍ ጥቂት ነክቶ ሊጡ ላይ መቀባት፣ ዥንጉርጉርነቱ እስኪጠፋ ማሸት፣ ከዚያም በላስቲክ ጠቅልሎ ማሳደር ይገባል። ቀለሙ ሲያድር ስለሚጠቁር ከሚፈለገው ፈዘዝ ሲል ማቆም ብልህነት ነው። ቀይና ጥቁር ብዙ ቀለም ስለሚጠጡ ሊጡን ያላላሉ፤ ለቀይ ከሮዝ፣ ለጥቁር ከቡናማ ሊጥ መነሳት ቀለም ይቆጥባል። የቀይ ሥር ጭማቂ ሮዝ ቀለም ቢሰጥም ውኃው ሊጡን ያረጥበዋል፤ እርድ ደግሞ ያማረ ቢጫ ሰጥቶ በብርሃን ይፈዝዛል።

ለዐደይ አበባም ሆነ ለጽጌረዳ የተፈጥሮ ገጽታ የሚሰጠው ግን ሌላ መንገድ ነው፦ ሊጡን በፈዛዛ ቀለም መሥራትና ከደረቀ በኋላ ደረቅ የዱቄት ቀለም በብሩሽ መቀባት። ለጥቂት ሰከንድ የፈላ ውኃ እንፋሎት ሲያገኘው ቀለሙ ይያዛል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚያብረቀርቅ ማስጌጫ ዱቄት ሁሉ አይበላም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት የልደት ኬክ የበሉ 6 ልጆች ታመዋል፤ ኬኩ የተቀባበት ዱቄት ከፍተኛ መጠን ያለው መዳብ እንደነበረበት ተረጋግጧል። «መርዛማ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ይበላል ማለት አይደለም፤ ለምግብ መሆኑና የይዘቱ ዝርዝር ማሸጊያው ላይ ሊሰፍር ይገባል። የጨርቅ ቀለም በምንም መልኩ አይተካውም።

ገምፔስት አየር ካገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ያወጣል። የሚሠራበትን ያህል ብቻ ቆርሶ ቀሪውን መሸፈን፣ እጅን በአትክልት ቅቤ ማለስለስ፣ መዳመጫውን በጥቂት የበቆሎ ስታርች መንስነስ ይበጃል። ስታርቹ ከበዛ ሊጡ ይሰነጣጠቃል።

የበጋው ደረቅ አየር ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። በክረምት ግን የደረቀው አበባ እርጥበት ስቦ ይዝላል፤ ያኔ ሲኤምሲ መጨመርና የማድረቂያ ጊዜውን ማራዘም ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ችግሩን ያብሳል፤ ሲወጣ ያልበዋል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሮዝና ሐምራዊ ቀለሞችን ያነጣል። የደረቀ አበባ የሚቀመጠው በካርቶን እንጂ በታሸገ ላስቲክ አይደለም።

ኬኩ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚጓዝ ከሆነ አበባው ለብቻው በጥጥ ተደግፎ ይሄድና በቦታው ይተከላል። ሽቦው ኬኩን እንዳይነካ በቅድሚያ ስትሮ ውስጥ ይገባል፤ ኬኩ ከመቆረሱ በፊትም አበባው ከነሽቦው ይነሳል።