እውነት ወይስ ተረት? «ታሪክ አንዴ ተጽፎ አልቋል»

ተረት፦ ታሪካችንን አባቶቻችን ጽፈው ጨርሰውታል፤ አዲስ መጽሐፍ የሚመጣው ወይ ሊደግመው ወይ ሊያዛባው ነው።

እውነት፦ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣሊያው ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ ፋሺስቶች አዲስ አበባን ለሦስት ቀናት የደም ጎርፍ አደረጓት። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው የሟቾች ቁጥር 30 ሺህ ነው፤ ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው። ተመራማሪው ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ የዓይን ምስክሮችን ቃል፣ የውጭ አገር ሰዎችን ጽሑፍና ፎቶግራፎችን አመሳክሮ ግምቱን ወደ 19 ሺህ አወረደው።

«ደማችንን አቀለለው» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ካምቤል ስለ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ጭፍጨፋ ምን እንዳገኘ ይመልከት። ግራዚያኒ በገዳሙ ያስገደላቸውን 449 ብሎ ለሮም አስታወቀ። ካምቤል ከደግፌ ገብረ ጻድቅ ጋር ባደረገው ጥናት ግን ቁጥሩ ከ1,423 እስከ 2,033 ደረሰ። ጭፍጨፋው ከግንቦት ተክለ ሃይማኖት ክብረ በዓል ጋር ስለ ገጠመ፣ ከገዳሙ መነኮሳት ሌላ ከየአገሩ ለንግሥ የመጡ ካህናትና ምዕመናንም አልቀዋል። አንዱን ቁጥር ዝቅ ያደረገው ጥንቃቄ ሌላውን ከሦስት እጥፍ በላይ ከፍ አደረገው። እኔ የማምነው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ነው፤ ገዳዩ ልካድ ቢል መውጫ አያገኝምና።

ተረት፦ በቦታው የነበረ ሰው ከተናገረ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

እውነት፦ ኢንድሮ ሞንታኔሊ የተባለው ዝነኛ የኢጣሊያ ጋዜጠኛ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር መኮንን ሆኖ ዘምቷል። የመርዝ ጋዝ አላየሁም፣ አልተጣለም እያለ ለዓመታት ተከራከረ። ታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ግን የኢጣሊያን ሰነዶች ይዞ ሞገተው። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን አመነ፤ ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ።

ተረት፦ እንግዲያውስ አዲስ የሆነ ሁሉ ይበልጣል።

እውነት፦ አይበልጥም። ማስረጃውን የማይጠቅስ መጽሐፍ ትናንት ቢታተምም ወሬ ነው።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ አዲስ የታሪክ መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት የግርጌ ማስታወሻውንና የመጨረሻ ገጾቹን ይግለጡ። ጸሐፊው ማንን ጠይቆ፣ የትኛውን ሰነድ አይቶ እንደ ጻፈ ካልነገረዎት ገንዘብዎን አያውጡ።