ከዳር ቆሞ ስለ መፍረድ

ልጆች ሆይ፤ በአደባባይ የሚወዳደረውን ሰው መንቀፍ ቀላል ነው፤ ድካሙን ማወቅ ግን ሳይማሩ አይገኝም። ይህንም ከሚከተለው ታሪክ እንረዳለን።

በአዲስ አበባ ከተማ፥ ገርጂ በሚባለው ሰፈር አንድ ልጅ ነበረ። በ2013 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የዓለም ስፖርተኞች በጃፓን አገር፥ በቶኪዮ ከተማ ለኦሊምፒክ ተሰበሰቡ። በዚያም ሰሎሞን ቱፋ የሚባል ኢትዮጵያዊ፥ ቴኳንዶ በሚባለው የኮርያ ግጥሚያ፥ ክብደታቸው ከ58 ኪሎ ከማይበልጥ ወንዶች ጋራ ተወዳደረ፤ ሜዳልያም ሳያገኝ ተመለሰ። ያ ልጅ በቴሌቪዥን ሲመለከት ሳለ፥ «ይህ ምን ዓይነት ሰነፍ ነው! እኔ ብሆን ባላጋራውን በአንድ ርግጫ እጥለው ነበር» ብሎ ሳቀ። አያቱም ይህን ሰምተው አልተቈጡትም፤ «እንግዲያስ ተማርና አሳየኝ» አሉት እንጂ።

ልጁም በሰፈሩ ወዳለው ማሠልጠኛ ገብቶ ነጭ ቀበቶ ታጠቀ። ማስተር እየተባለ የሚጠራው መምህሩ በመጀመሪያ ያስተማረው መርገጥን ሳይሆን መቆምን ነው። በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ማንሣት እንኳ ያንገዳግደው ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ የራስና የደረት መከላከያ ለብሶ ከጓደኛው ጋራ ገጠመ። ሊረግጥ እግሩን ባነሣ ጊዜ ጓደኛው በቦታው አልነበረም፤ እርሱ ራሱ ግን ጎኑን ተመታ። ትንፋሹ አጠረ፤ ጉልበቱም ከዳው። ሁለቱ ደቂቃ እንደ ግማሽ ቀን ረዘመበት።

ይህ ስለ ምን ሆነ? ከዳር ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያየው እግሩን ብቻ ነው። ተጋጣሚው ግን ባንድ ጊዜ ብዙ ነገር ያስባል፤ ርቀቱን ይለካል፥ ትንፋሹን ይቈጥባል፥ የባላጋራውን ትከሻ ይመለከታል፥ ፍርሃቱንም ይገዛል። በቶኪዮ አንዱ ግጥሚያ ሁለት ሁለት ደቂቃ የሆነ ሦስት ዙር ነበረው። ደረትን በቡጢ የመታ 1፥ ደረትን የረገጠ 2፥ ራስን የረገጠ 3 ነጥብ ያገኝ ነበር፤ ዞሮ የረገጠም በዚህ ላይ 2 ይጨመርለት ነበር። ስለዚህ ለዓይን ጥቅሻ ያህል የዘገየ ሰው ድሉን ያጣል።

ደግሞ ኢትዮጵያ እስከ 2016 ዓ.ም. የፓሪስ ውድድር ድረስ ከኦሊምፒክ ያገኘችው ሜዳልያ ሁሉ የሩጫ ነው። ሯጭ የሆነ ልጅ የአበበ ቢቂላን ፈለግ ይከተላል፤ በሌላው መንገድ የሚሄድ ግን የሚከተለው ፈለግ ጥቂት ነው።

ልጁ ያን ጊዜ ወደ አያቱ መጥቶ፥ «አባባ፤ ያን ሰው ሰነፍ ብዬው ነበር። አሁን ግን በዚያ ስፍራ ለመቆም ብቻ ስንት ዓመት እንደሚያስፈልግ ዐወቅሁ» አላቸው። አያቱም፥ «ሲያዩት ያምራል፥ ሲይዙት ያደናግራል የተባለው ስለዚህ ነው» ብለው ራሱን ዳበሱት።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ የተሸነፈ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ስሕተቱን መናገር ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሥራውን የቀመሰ ሰው በማክበር ይናገራል፥ ያልቀመሰውም በመሣቅ ይናገራል። በሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት የያዘውን ሥራ ጥቂት ያዙና እዩት።