ለሕሙማን የሚቀርብ ምግብና የአቅራቢው ነጋዴ ኃላፊነት

ማንኛውም ገዢ ወደ ሱቅ በገባ ጊዜ ዕቃውን አገላብጦ ለማየት፣ በዋጋው ለመከራከርና ካልወደደውም ወደ ሌላ ሱቅ ለመሄድ ነፃነት አለው። በሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ ሕመምተኛ ግን ይህ ነፃነት የለውም። የሚበላውን የሚመርጥለት ሌላ ነው፤ የሚገዛለትም ሌላ ነው፤ ዕቃውን ያቀረበው ነጋዴም ከቶ አይቶት የማያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ ለሆስፒታል እህል፣ ዘይት፣ ወተት ወይም ሥጋ የሚያቀርብ ነጋዴ ዕቃውን የሚሸጠው ሊከራከረው ለማይችል ደንበኛ መሆኑን መገንዘብ ይገባዋል።

ምግብ ለጤነኛ ሰው የኃይል ምንጭ ነው፤ ለሕመምተኛ ግን ከዚህም በላይ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወይም እሳት ያቃጠለው ሰው ቁስሉ እንዲሽር ከወትሮው የበለጠ ገንቢ ምግብ ያስፈልገዋል። በምግብ እጦት ክፉኛ ተጎድተው ወደ ሆስፒታል ለሚገቡ ሕፃናት ደግሞ በመጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የሚባለው ወተት ሲሆን፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ኃይል 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው። ሰውነታቸው ከተረጋጋ በኋላ 100 ኪሎ ካሎሪ ያለው ኤፍ 100 ወይም ሌላ የበለጸገ ምግብ ይከተላል። ይህ ቅደም ተከተል ቀርቶ በመጀመሪያው ቀን የበለጸገ ምግብ ቢሰጣቸው የተዳከመው አካላቸው ሊሸከመው ስለማይችል ለሞት ሊያደርሳቸው ይችላል። እንግዲህ ምግብም እንደ መድኃኒት በልክ የሚሰፈር መሆኑ ከዚህ ይታያል።

በዚህ ረገድ የሚደርሰው ጉድለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በእንግሊዝ አገር የደረሱት ሁለት አደጋዎች ያስረዳሉ። የመጀመሪያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ ወር 1984 በዌክፊልድ ከተማ በሚገኘው በስታንሊ ሮይድ ሆስፒታል የደረሰው ነው። በምግብ የተላለፈ ሳልሞኔላ የተባለ ጀርም በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲያሳምም፣ 19 ሕሙማን ሞቱ። ለዚህም ምክንያት ሆኖ የተገኘው ከማቀዝቀዣ ውጭ የቆየ የበሬ ሥጋ ነበር። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሆስፒታሎች የዘውድ ንብረት በመሆናቸው በምግብ ንጽሕና ሕግ ሊከሰሱ አይችሉም ነበር፤ ከአደጋው በኋላ ግን በ1986 በወጣ ሕግ ይህ ከለላ ተነሣላቸው።

ሁለተኛው አደጋ የአቅራቢዎችን ሥራ ይበልጥ የሚነካ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2019 ለብዙ ሆስፒታሎች ታሽገው በቀረቡ ሳንድዊቾችና ሰላጣዎች ምክንያት ሊስቴሪያ የተባለ ጀርም ከ6 የማያንሱ ሕሙማንን ገደለ። ሳንድዊቹን የሠራው ድርጅት የበሰለውን ሥጋ የገዛው ከሌላ ድርጅት ሲሆን፣ ጀርሙ በዚያው ሥጋ ውስጥ ተገኘ። ሊስቴሪያ እንደ ሌሎች ጀርሞች በቅዝቃዜ አይገታም፤ በማቀዝቀዣ ውስጥም እንኳ ቀስ እያለ ይራባል። ጤነኛው ሰው ብዙ ጊዜ ሳይሰማው የሚያልፈው ይህ ጀርም ሽማግሌውን፣ ነፍሰ ጡሯንና በበሽታ የደከመውን ይጥላል። የሳንድዊቹም አቅራቢ ንግዱን ዘጋ። ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ብቻ ሳይሆን፣ እርሱ ራሱ ከሌላ ለገዛው ዕቃም ተጠያቂ መሆኑን ይህ ነገር በግልጽ ያሳያል።

በአገራችን ዘመድ ለታማሚው ከቤቱ ምግብ ይዞ መሄዱ የቆየና የተመሰገነ ልማድ ነው። ነገር ግን ከሩቅ አገር ለመጣና ጠያቂ ለሌለው ሕመምተኛ ተስፋው የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ብቻ ነው። ለወጥ ቤቱ ከሚቀርቡት ዕቃዎችም መካከል ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻቸው አሉ። ሽሮና በርበሬ ከተፈጩ በኋላ ምን እንደተቀላቀለባቸው በዓይን ለመለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ እህሉን ሳይፈጭ ተረክቦ በታመነ ወፍጮ ማስፈጨት ይሻላል። በቆሎና ኦቾሎኒ እርጥበት ካገኛቸው በሻጋታ ምክንያት አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይፈጠርባቸዋል፤ ይህም መርዝ በማብሰል ብቻ አይጠፋም። ስለዚህ እህሉ በደንብ ደርቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ሊቀመጥ ይገባል። አዮዲን የገባበት ጨውም በእርጥበትና በፀሐይ አዮዲኑን ስለሚያጣ ተከድኖ በጥላ ሥር ይቀመጥ። ወተትና ሥጋ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሆነው መጓጓዝ ይገባቸዋል። የበሰለ ምግብም እስኪበላ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀቱን እንደያዘ ይቆይ እንጂ፣ ከ2 ሰዓት በላይ ደጅ ሊያድር ወይም ሊውል አይገባውም።

ጾምንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ሕመምተኛ ከጾም ነፃ ቢሆንም በአልጋ ላይ ሆነው የሚጾሙ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በጾም ወራት ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ሲቀሩ በእነርሱ ፈንታ የሚበላው ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በመጠንም በጥራትም እንዳይጓደል አስቀድሞ ማከማቸት የአስተዋይ አቅራቢ ተግባር ነው።

የነገሩ ሥር ግን በጨረታው ላይ ነው። የዋጋ ማቅረቢያው ጽሑፍ «ጥሩ ምስር» ብቻ የሚል እንደሆነ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም የሚለይ የለም። ደረጃው፣ የእርጥበቱ ልክ፣ የባዕድ ነገር መጠን፣ የታሸገበት ቀንና ለመበላሸት የቀረው ጊዜ ተዘርዝሮ ቢጻፍ ግን ሐቀኛው ነጋዴ ከሐሰተኛው ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ጨረታውን ለማሸነፍ ሲል ከገበያ በታች ዋጋ የሰጠ ሰው የእህል ዋጋ በጨመረ ጊዜ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ይከስራል፤ ወይም ከጥራቱ ይቀንሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደተባለው፣ በችኰላ የተሰጠ ዋጋ የሚፈታው በሕመምተኛው ሣህን ላይ ነው። በሌላም በኩል ሆስፒታሉ ክፍያውን ባዘገየ ቁጥር ነጋዴው የዘገየበትን ገንዘብ ወጪ በዋጋው ላይ ስለሚጨምር፣ በጊዜው መክፈልም ለጥራት ይረዳል።

የተበላሸና ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ መሸጥ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው። ሆኖም ሕግ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። አስቀድሞ ሊደርስ የሚችለው ዕቃው ከመጋዘኑ ከመውጣቱ በፊት ከረጢቱን ፈትቶ የሚያየው ነጋዴ ነው። ሕመምተኛው ዕቃውን ለመመለስ አይችልም፤ ስለዚህ መመለስ የሚገባው ዕቃ ከነጋዴው ደጅ ሊያልፍ አይገባም።