ኩሽኔታ በቻይንኛ ምን ይባላል?

ቀረብ በሉማ፣ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ ሲጎበኝ አይታችኋል? ቻይናዊው መሐንዲስ ያወራል፣ ሸሚዙን የተኮሰው አስተርጓሚ ይከተላል፣ እንግዶች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያምራል! ከኋላ ቆማ ሳቋን የምትውጠው ግን እኔ ነኝ። ሥራዬ ለፋብሪካዎች አስተርጓሚ ማፈላለግ ነው።

ምን ያስቃል? መሐንዲሱ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ተናገረ። ትርጉሙስ? «ችግር የለም ይላል።» በቃ። የቀረው ወሬ የት ገባ?

እሱን ነው የምነግራችሁ።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሁሉም የሚጠይቀኝ ዲግሪ ነው። እኔም መጀመሪያ ተሸውጄያለሁ። ቻይንኛ በዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ግብዣ ላይ ሲናገር አፍ የሚያስከፍት ልጅ ይዤ ሽመና ክፍል ገባሁ። መሐንዲሱ «ጂንግሻ» አለ። ልጁ «ክር» ብሎ ተረጎመ። «ዌይሻ» አለ። አሁንም «ክር»። ሠራተኛዋ የቱን ትንካ? አንዱ ድር ነው፣ ሌላው ማግ! የሸማኔ ልጅ ዳዴ እያለ የሚለየውን የእኔ ጎበዝ ስልኩ ላይ ይፈልግ ጀመር።

ይሄ ገና መግቢያው ነው። ትልቁ ምስጢር ጥገና ክፍል ውስጥ ነው ያለው። እዚያ የሚነገረው አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው! ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ (ቤሪንጉ ማለት ነው)። ይህን የትኛው የቻይንኛ መምህር ያስተምራል? አንድ ቀን መካኒኩ «ኩሽኔታው አልቋል» አለ። ተበልቷል ማለቱ ነው። አስተርጓሚው ግን «ከመጋዘን ጠፍቷል» ብሎ አደረሰው። መሐንዲሱ መጋዘን ገብቶ ኩሽኔታ ሲቆጥር ዋለ። ስንት አገኘ? አንድ ካርቶን ሙሉ። ማሽኑም ቆሞ ዋለ።

ታዲያ እኔ የት እሄዳለሁ? ከቻይና መንገድ ሠሪዎች ጋር ዓመታት የከረመ መካኒክ ፍለጋ። ሰዋስው የለውም፤ ብረቱን ግን ያውቃል። መፈተኛዬ አንዲት ዘንቢል ናት። የተበላ ኩሽኔታና የተበጠሰ ቺንጋ ጠረጴዛ ላይ እዘረግፋለሁ። «ምን ሆኖ ተበላሸ? ለቻይናው ንገረው» እላለሁ። «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» ያለ ግማሹን አልፏል። ለሁሉም «እሺ» የሚለውን በጊዜ ነው የምሸኘው። ውልና ስብሰባውን ለዲግሪው ልጅ፣ ማሽኑን ለመካኒኩ እሰጣለሁ። አለቆቹ የሚያዩት ግን ባለሸሚዙን ብቻ ነው።

ደግሞ ነገሩ በዚህ አገር አዲስ እንዳይመስላችሁ። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ሽቅብ አንኮበር ወጥቶ ምኒልክ ዘንድ ሲገባ፣ እንደ እኔ ያለ አፈላላጊ አልጠበቀም። አማርኛውን ራሱ ተማረ። መሐንዲስን ቋንቋ ማስተማር ባለቋንቋን ምሕንድስና ከማስተማር ይቀላል፤ የእኔም ንግድ የቆመው በዚህችው ላይ ነው።

እንግዲህ ፋብሪካ ስትጎበኙ «ችግር የለም ይላል» ከተባላችሁ ባለሸሚዙን ተዉት። ከኋላ ዘይት የነካው ቱታ ለብሶ ፈገግ የሚለውን ፈልጉ። ቀስ ብላችሁ «ጆውቸንግ ምንድን ነው?» በሉት። ሳያስብ «ኩሽኔታ» ካላችሁ፣ ሌላ ሳይቀድማችሁ ቅጠሩት።