ከመልበሱ ማውለቁ

ወታደር ጥሩር የሚለብሰው በዓይኑ ከሚያየው ጠላት ለመዳን ነው። የሐኪም ጠላት ግን አይታይም፤ ስለዚህም የሐኪሙ ጥሩር ከወታደሩ ይልቅ ብዙ ብልሃት ይጠይቃል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ተማሪዎች ይህን ጥሩር ለማሻሻል ያደረጉትን ጥረት ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. የኢቦላ በሽታ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ28,000 የሚበልጡ ሰዎችን ይዞ ከ11,000 በላይ ገደለ። ከሟቾቹም መካከል ብዙ ሐኪሞችና ነርሶች ነበሩ። ከአገራችንም የጤና ባለሙያዎች በአፍሪካ ኅብረት አማካይነት ወደዚያው ዘምተዋል።

አስታማሚው የሚለብሰው ልብስ ፈሳሽ የማያስገባ በመሆኑ አየርም አያስገባም። በዚያ ሙቀት ላቡ ይወርዳል፤ መነጽሩ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ብዙውን ጊዜም ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም። ዋናው አደጋ ግን የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ይኸውም የደከመ ሰው በሽታ የነካውን ልብስ ሲያወልቅ፣ እጁ ሳያውቀው ፊቱን የነካ እንደ ሆነ ነው።

በ2014 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ መሐንዲሶችና የጤና ባለሙያዎች ቅዳሜና እሑድን ተሰብስበው በዚህ ችግር ላይ መከሩ። አብራቸውም አንዲት የሠርግ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከዚህም ጉባኤ የተገኘው ልብስ ዚፑ ከፊት መሆኑ ቀርቶ ከኋላ ሆነ፤ ምክንያቱም በይበልጥ የሚበከለው የፊቱ ገጽ ነው። ሰፊ ግልጽ መስተዋት ከቆቡ ጋር ተያያዘ፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ማስገቢያም ተጨመረለት። ወደ 20 የሚጠጋው የማውለቂያ ደረጃም ወደ 8 ዝቅ አለ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት እርዳታ ከሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. ዱፖንት ኩባንያ ለገበያ ሊያዘጋጀው ተስማማ።

ከዚህ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ተማሪዎቹ የጨርቁን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የለባሹን ድካም መመርመራቸው፣ የልብስ ሰፊዋንም መርፌ እንደ ዕውቀት መቁጠራቸው ነው። በትምህርት ገበታና በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወጣቶችም ለሕዝብ ዕቃ ወይም ደንብ ስታዘጋጁ፣ ሥራው እንዴት እንደሚጀመር ብቻ ሳይሆን ደክሞት የሚጨርሰው ሰው እንዴት በደኅና እንደሚወጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ እንላለን።